አልከፈት ያለው የፎሱዋ ቪዲዮ

ከአሳፎ ገበያ ጀርባ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ኦዱሮ የሚባል ሰው አልከፈት ያለ ቪዲዮ ይከፍታል። ሥራው ይኸው ነው። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ሁሉም ይከፈታል» ተብሎ ተጽፏል፤ በሩ ራሱ ግን በእግር ካልተገፋ አይከፈትም።

ደንበኞቹ የተማሩም ያልተማሩም ናቸው። ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ግን ልዩነታቸው ይጠፋል። አንዱ የሠርጉን ቪዲዮ በፍላሽ ገልብጫለሁ ብሎ ይመጣል። የገለበጠው ቪዲዮውን ሳይሆን ወደ ቪዲዮው የሚያደርሰውን ምልክት ብቻ ነው፤ ቪዲዮው እቤቱ በሰላም ተቀምጧል። ሌላው በፋይሉ ስም መጨረሻ ያሉትን ፊደላት አጥፍቶ ሌላ ይጽፍና ዓይነቱን የቀየረ ይመስለዋል፤ ፍየል አንገት ላይ «በግ» የሚል ወረቀት አንጠልጥሎ ገበያ እንደ መውጣት ነው። ድምፁ እየተሰማ ሥዕሉ የጠፋበት ደግሞ የእህቱ ባል መድኃኒት አድርጎበት እንደሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል። ኦዱሮ ሁሉንም በትዕግሥት ይሰማል። ከዚያ ሻል ያለ ማጫወቻ ይጭንላቸዋል፤ ቪዲዮው ይከፈታል። እነሱም ነገሩ ይኸው እንደሆነ ቀድሞውኑ ጠርጥረው እንደነበር ነግረውት ይሄዳሉ።

ይህ ሁሉን ከፋች ግን ያቃተው አንድ ቪዲዮ ነበር። የገዛ ሚስቱ፣ የፎሱዋ የቀብር ቪዲዮ። ቢያንስ ለአማቱ ለማሜ አቺያ የሚነግራቸው እንደዚያ ነው።

ፎሱዋ ስትቀበር ማሜ አቺያ አልነበሩም። የማያውቁት ጎረቤት ሲሞት እንኳ የሐዘን ቀይና ጥቁር ለብሰው ከሁሉ ቀድመው የሚገኙት ሴትዮ፣ የገዛ ልጃቸው ቀን ቤት ቀሩ። እናት በልጇ ቀብር አትገኝም ብለው ያስቀሯቸው የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሄዱ፣ ከፊት ተቀመጡ፣ በሉ፣ ጠጡ። ሲመለሱም «ጥሩ ነበር» አሏቸው። ለእናትየው የደረሳቸው ይኸው ነው። ስለዚህ ቪዲዮውን ማየት ፈለጉ።

ኦዱሮና ማሜ አቺያ የሚኖሩት አንድ ግቢ ነው። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ሲገባ ፉፉ የሚባለውን ገንፎ ከሾርባ ጋር ያቀርቡለታል፤ እሱ እጁን ሲታጠብ ይጠይቁታል።

«ያ ነገርስ?»

«አልከፈት ብሏል፣ ማሜ።»

«አሁንም?»

«ፋይሉ ታሟል።»

«ሐኪሙ አንተ አይደለህ እንዴ?»

«ከባድ በሽታ ነው።»

«እሺ። በል ሾርባው እንዳይበርድብህ።»

እውነቱ ግን ኦዱሮ ፋይሉን ለመክፈት አንድም ቀን ሞክሮ አያውቅም። ፍላሹ የሱቁ መሳቢያ ውስጥ፣ ከተቃጠሉ ገመዶች ሥር ተኝቷል። ቢከፍተው ምን እንደሚያይ ያውቃል፤ እዚያ ነበረ። ሁለተኛ መገኘት አልፈለገም። ይህን ለማሜ አቺያ ከመንገር ደግሞ በማሽን ማሳበብ ቀለለው። ማሽን አይከራከርም።

አንድ ሐሙስ ሳርፖማ የምትባል የደረቀ ዓሣ ነጋዴ፣ ካሜራማኑን አምፖንሳን ከፊቷ እየነዳች መጣች። አምፖንሳ የሰፈሩን ቀብር ሁሉ የሚቀርጽ ሰው ነው። ከሣጥን ሠሪው ቀጥሎ ሥራ የማይጠፋበት እሱ ነው።

«ማስተር፣ ይሄ ሰው እናቴን ሁለተኛ ገደላት» አለች ፍላሹን ጠረጴዛው ላይ እያኖረች። «የቀብሯ ቪዲዮ አልከፈት አለ፤ ቅዳሜ ደግሞ ሙት ዓመቷ ነው። ድንኳን ተክዬ፣ ትልቅ ስክሪን ተከራይቼ፣ ያን ሁሉ ሰው ጠርቼ ጥቁር ስክሪን ላሳያቸው?»

«ጥቁሩስ ለሐዘን ይሆናል» አለ አምፖንሳ።

«አንተ ዝም በል።»

«ዓመት ሙሉ አላያችሁትም?» አለ ኦዱሮ።

«ማን ጊዜ አለው? መቀረጹ ነው ዋናው።»

ኦዱሮ ፍላሹን ሰካው። ፋይሉ አለ፤ ትልቅ ነው፤ ባዶ አይደለም። ማጫወቻው ግን አላውቀውም አለ። በሌላ ማጫወቻ ሞከረ፤ እሱም አላወቀውም። ችግሩ የፍላሹ እንዳይሆን ወደ ኮምፒውተሩ ገልብጦ ሞከረ። ለውጥ የለም።

«ቀረጻውን ያቆምከው አንተ ነህ?»

«እኔ አላቆምም» አለ አምፖንሳ፣ እንደ ተሰደበ ሰው።

እውነቱን ነው። በቀብር ላይ የሱ ካሜራ አይቆምም። ሐዘንተኞቹን ዞሮ የጨበጠ፣ ስጦታ ሰጥቶ ስሙ በማይክ የተጠራ ሁሉ፣ በኋላ ቪዲዮው ውስጥ ራሱን ይፈልጋል። ካጣ፣ ካሜራማኑ ያን ጊዜ ውኃ ሊጠጣ ሄዶ ይሆናል አይልም። ቤተሰቡ መክሮ ቆርጦ አወጣኝ ይልና ዘመድ ከዘመድ ይኳረፋል። ስለዚህ አምፖንሳ ጠዋት የካሜራውን ቁልፍ አንዴ ይጫናል፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲገባ አንዴ ያቆማል። ያረጀውን ባትሪ አውጥቶ ካሜራውን ከድንኳኑ ጄኔሬተር ጋር ያያይዘዋል። ማንም አይቆረጥም፤ ድስት አጣቢዋም፣ ውሻውም አይቀሩም።

«ጄኔሬተሩስ?» አለ ኦዱሮ።

«የሽኝቱ ጭፈራ መሀል ላይ ነዳጅ ጨረሰ።»

«ነዳጁ የማን ኃላፊነት ነበር?»

«የሷ ወንድም።»

ሳርፖማ ወደ ውጭ፣ ወደ መንገዱ ማየት ጀመረች።

«ካሜራው ማቆሚያውን ስትጫን ነው የቱ ሥዕል የት እንዳለ መጨረሻ ላይ የሚጽፈው» አለ ኦዱሮ። «ሳይጽፍ ኃይል ከጠፋበት ሥዕሉም ድምፁም አለ፤ ግን ከየት እንደሚጀመር የሚያውቅ የለም። የአምፖንሳን ወሬ በይው።»

«ገባኝ» አለች ሳርፖማ። «ይድናል?»

«በዚያው ካሜራ፣ ማስተካከያው ሳይነካ የተቀረጸ፣ በደንብ የተዘጋ ሌላ ቪዲዮ ካገኘሁ ይድናል። ፕሮግራሙ ጤነኛውን እያየ የታመመውን ያስተካክላል።»

«ካሜራውን ሸጬዋለሁ» አለ አምፖንሳ። «የድሮውንም ሁሉ አጥፍቼዋለሁ። ቦታ ያዘብኝ።»

«ለሰው የሰጠኸውስ?»

«ለሰው ወደ ዲስክ ለውጬ ነው የምሰጠው። የሷ አልለወጥ ሲለኝ እንዳለ ሰጠኋት፤ ከሷ ሌላ እንዳለ ከካሜራው አውጥቼ የሰጠሁት ላንተ ብቻ ነው፤ ባለሙያ ነው ብዬ። የፎሱዋም በዚያው ካሜራ ነበር፣ ወንድሜ። ማስተካከያውንም አልነካሁትም። እንዴት እንደሚነካ አላውቅም።»

ኦዱሮ ዓርብ ዓርብ የሚለውን አለ። «ያ ፋይል አይከፈትም።»

«ማን ሞከረው?» አለች ሳርፖማ።

«እኔ።»

«በሩ ላይ ሌላ ነው የተጻፈው።»

ነገ ተመለሱ ብሎ ሸኛቸው። መሳቢያውን ከፍቶ ገመዶቹን አንድ በአንድ አነሳ፤ ፍላሹ ከሥራቸው ነበር። ሲሰካው ኮምፒውተሩ አላየውም። ኦዱሮ ያን ጊዜ ደነገጠ። ታሟል ታሟል ሲለው የኖረው ፋይል ሰምቶ እውነት ታሞ ቢሆንስ? ለማሜ አቺያ ከዚያ ሌላ ቅጂ የለም። ፍላሹን ነቀለ፣ መሰኪያውን በሸሚዙ ጠረገ፣ ሌላ ቦታ ሰካው። አሁን ታየ። ፋይሉን ተጫነው።

ቪዲዮው ሳያንገራግር ተከፈተ። ያን ያህል ጤነኛ ፋይል ወደዚያ ሱቅ ገብቶ አያውቅም። ባዶ የፕላስቲክ ወንበሮች ታዩ፤ በአንድ ጠርዝ የአምፖንሳ አውራ ጣት ገብቶበታል። ኦዱሮ ወዲያው ዘጋው። ለሥራው የሚያስፈልገው ፋይሉ ደህና መሆኑን ማወቅ ብቻ ነበር፤ አወቀ። ከዚያም የሳርፖማ እናት ከፎሱዋ እየተማረች እንድትድን ፕሮግራሙን አስጀምሮ፣ እሱ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

በማግስቱ የሳርፖማ ቪዲዮ ተጫወተ። መሀል ላይ ድምፁ ከሥዕሉ ትንሽ ይቀድማል፤ አክስቷ አፏን ሳትከፍት ለቅሶዋ ይሰማል።

«ይሄስ አይነካ» አለች ሳርፖማ። «አክስቴ ድሮም እንዲህ ናት።» ጭፈራው ደርሶ ሥዕሉ ድንገት እስኪቋረጥ ድረስ፣ የዓሣ ገበያዋን ትታ፣ ከወንበሯ ሳትነሳ አየችው። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። «ያ አይከፈትም ያልከውስ?»

«ተከፈተ።»

«በል የበሩን ቀለም እንዳታጠፋው።»

ቀኑ ዓርብ ነበር። ኦዱሮ ኮምፒውተሩን በብብቱ ይዞ ቤት ገባ። ማሜ አቺያ ፉፉውን አቅርበው ጠበቁ፤ እጁን ሲታጠብም ጠየቁ።

«ያ ነገርስ?»

«ተከፈተ፣ ማሜ።»

ማሜ አቺያ እጃቸውን በጨርቅ አደራረቁ። «በሽታው ምን ነበር?»

«የታመመው ፋይሉ አልነበረም።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ተሻለህ ወይ ብዬ ነበር የምጠይቅህ።»

ኦዱሮ ሳህኖቹን ገፋ አድርጎ ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ረጅም ነው። አምፖንሳ አያቆምም» አለ።

«የምሄድበት የለኝም። እኔ መጫኑን አላውቅበትም፤ ተጫን።»

ተጫነ። ድንኳኑ መጣ፤ ባዶዎቹ ወንበሮች መጡ። ጥቁር የለበሰ ቀጭን ሰው ወንበር ሲደረድር፣ የደረደረውን ሲያነሳ፣ ያነሳውን መልሶ ሲደረድር ታየ። ሌላ ምንም የለም። ማሜ አቺያ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት። ሾርባው በረደ።

«ወንበሩን እንዲህ አጣሞ የሚደረድረው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያስታውቃል» አሉ፤ ወንበራቸውንም ወደ እሱ አስጠጉ።