ዓሣ ነባሪን ለመካነ ሰላም ሳስተረጉም

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተሰጠኝ ትእዛዝ አጭር ነበር። የሰውየውን ቃል ብቻ፤ አትጨምር፣ አትቀንስ፣ አስተያየትህን አልጠይቅህም። ይህን ያለችኝ እርዳታ ይዛ ወደ መካነ ሰላም የመጣች የውጭ አገር ሐኪም ናት። ከእኔ በፊት የነበረው አስተርጓሚ ገበሬው ተናግሮ ተናግሮ ሲያበቃ «ሆዱን ያመዋል» ብሎ ይገላገል ነበር አሉ። ያሰናበተችውም በዚሁ ነው።

ጊዜው ወሎ የተራበበት፣ አዲስ አበባም የሚታመስበት ነበር። እኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቄ ከደሴ ተመልሼ ቤት ተቀምጫለሁ። በከተማው እንግሊዝኛ እችላለሁ ብሎ የሚደፍር ሰው ስለጠፋ ሥራው ለእኔ ደረሰ። አቋቋሜን ሳይቀር አስተማረችኝ። አስተርጓሚ ከሐኪሙ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይቆማል፤ ሰውየው «ራሴን አመመኝ» ሲል «ራሱን አመመው» አይልም፣ እሱም «ራሴን አመመኝ» ይላል። መጀመሪያ አካባቢ ቀኑን ሙሉ የሰው በሽታ በራሴ ስም ስዘረዝር ውዬ፣ ማታ እኔንም ያመኝ ነበር።

እንግሊዝኛዬ ግን ደካማ ነበር፤ ያንን ለማወቅ አልቆየችም። አንድ ቀን ጡብ የሚያክል መጽሐፍ አምጥታ ሰጠችኝ። የድሮ ልብ ወለድ ነው፤ በመርከብ ዓሣ ነባሪ ስለሚያድኑ ሰዎች ይተርካል። በየቀኑ አንድ ምዕራፍ አንብብና ለሆነ ሰው በአማርኛ ንገረው፣ ለእሱ ከገባው ለአንተም ገብቶሃል ማለት ነው አለችኝ። ባሕር ያላየ ሰው ባሕር ላላየ ሰው ስለ ባሕር እንዲያስረዳ መሆኑ ነው።

ያን ሰሞን የማመሸው ወይዘሮ ዘነቡ ሆቴል ነው። ሆቴል መባሉ በክብር ነው እንጂ አራት አልጋ፣ አንድ ምግብ ቤትና ከጀርባ የእንግዳ ክፍል ነበረው። አድማጮቼም እዚያው ተገኙ፤ አጋሰስ እየጫነ እህል የሚያመላልሰው ደምሴ፣ መኪናው ተበላሽቶበት ከወረኢሉ ዕቃ የሚጠብቅ ሾፌርና ወይዘሮ ዘነቡ ራሳቸው። ጋዝ ስለተወደደ ንባቡ አመሻሽ ላይ፣ ሳይጨልም ነው፤ መጀመሪያ የራዲዮ ዜና፣ ከዚያ ዓሣ ነባሪ። ዜናው ሚኒስትሮች ታሰሩ፣ ወታደሮች ኮሚቴ አቋቋሙ ይላል። ሾፌሩ አንዳንዴ የትኛው ከመጽሐፉ፣ የትኛው ከራዲዮው እንደሆነ ጠፋብኝ እያለ ያሾፍብኝ ነበር።

ሼህ ይመር የመጡት በዚህ መሐል ነው። መንደራቸው ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል ወርዶ ነው፤ በትራቸውን ተደግፈው በእግራቸው ዳገቱን ወጥተው ሐኪሟ የምትሠራበት ድንኳን ድረስ መጡ። እህሉን የያዘችው ሐኪሟ ናት፤ አጋሰሶቹ ወዴት እንደሚሄዱ የምትወስነውም እሷ። እናንተ ዘንድ ሕዝቡ እንዴት ነው ስትል ጠየቀቻቸው።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» አሉ።

ቃል በቃል ተረጎምኩ። የሚበላ አለ ወይ ስትላቸው ጌታ አልረሳንም አሉ። ታዲያ ለምን መጡ ስትላቸው አገራችን እንግዳ መጣ ሲባል ሰምተን ሰላም ልንል ነው አሉ። ይህንንም ተረጎምኩ። ሐኪሟ አመሰግናለሁ ብላ ሸኘቻቸው። የዚያን ሳምንት አጋሰሶቹ እህሉን ጭነው ወደ ሌላ አቅጣጫ፣ ወደ ከላላ ሄዱ።

እኔ የዚያው አገር ልጅ ነኝ። ወሎ ውስጥ አልሐምዱሊላህ የጠገበም፣ ልጁን ቀብሮ የተመለሰም እኩል የሚለው ቃል እንደሆነ አውቃለሁ። ትልቅ ሰው ደግሞ የመጣበትን ጉዳይ በመጀመሪያው ጥያቄ አይዘረግፍም፤ ተደጋግሞ እስኪጠየቅ ይጠብቃል። ሐኪሟ ግን ይህን አታውቅም። ትእዛዜ ደግሞ አትጨምር ነው፤ አልጨመርኩም።

ሼህ ይመር ወደ መንደራቸው አልተመለሱም። ጠዋት ጠዋት ድንኳኑ ድረስ ሄደው ሐኪሟን እንዴት አደርሽ ይላሉ፣ እሷም ደህና ነኝ ትላለች፣ በዚያው ያበቃል። ወይዘሮ ዘነቡ የእግዜር እንግዳ ናቸው ብለው ከእንግዳው ክፍል አስተኟቸው። እንጀራ ሲቀርብላቸው ግማሹን ይበሉና ግማሹን በጨርቅ ይቋጥራሉ። ጨርቁን በቀን ፀሐይ ላይ ሲዘረጉት አይቼአለሁ፤ ድርቆሽ እየሆነ ነበር።

ንባቡ ላይ ግን የክፍሉ አውራ እሳቸው ሆኑ። ሳንጀምር ዱዓ ያደርጋሉ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን ይላል፣ ከዚያ መጽሐፉ ይከፈታል። ባሕሩን ማስረዳት ሲያቅተኝ በክረምት ከገደሉ አፋፍ ቆማችሁ ቁልቁል ስታዩ የዓባይን ሸለቆ ጉም ሞልቶት የለ፣ እንደዚያ ነው፣ ጉሙ ውሃ ቢሆን አልኳቸው። ዓሣ ነባሪውን ያስረዱልኝ ግን ሼህ ይመር ናቸው። በልጅነታቸው በዓባይ ዳር ጉማሬ ሲታደን አይተዋል። «ጉማሬ በሉት፣ ጨርሶ ወደ መሬት የማይወጣ» ሲሉ ሁሉም ገባው።

ዓሣ ነባሪ ጡት ያጠባል የሚል ምዕራፍ ደረስን። ሾፌሩ እንዲያ ከሆነ ዓሣ አይደለም፣ በጾም አይበላም አለ። ደምሴ ከውሃ የወጣ ሁሉ ዓሣ ነው ብሎ ተከራከረው። ሼህ ይመር በእኛ በኩል ችግር የለበትም ብለው ሳቁ። ወይዘሮ ዘነቡ መጀመሪያ አምጡልኝ፣ ጾሙን እኔ ከቄሱ ጋር እጨርሳለሁ ብለው ክርክሩን ዘጉት። ያን አመሻሽ ሳስታውስ ደስ ይለኛል።

አንድ ቀን ዓሣ ነባሪው ተገድሎ ከመርከቡ ጎን የሚታሰርበት ምዕራፍ ደረሰ። ስቡን ይልጡታል፣ ያቀልጡታል፣ በበርሜል ይሞሉታል። ለምንድን ነው ሲሉኝ ለመብራት ዘይት አልኳቸው። ደምሴ ለኩራዝ ብለው ነው ይኼን ሁሉ ዓመት ቤታቸውን ጥለው የሚንከራተቱት ብሎ ተገረመ። ሼህ ይመር ግን ሌላ ጠየቁ።

«ሥጋውንስ?»

ጣሉት አልኩ። ተራራ የሚያክለው ሥጋ በውሃ ላይ እየተንሳፈፈ ሲሄድ ወፍና ዓሣ ሲቀራመተው ተጽፏል። ለማለፍ ፈልጌ ነበር፤ ግን ስለ ጠየቁኝ ነገርኳቸው። ወይዘሮ ዘነቡ ይኼ መጽሐፍ ከዛሬ ወዲህ ቤቴ አይነበብም ብለው ተቆጡ። ለምን እንደተቆጡ አውቃለሁ፤ ከበራቸው ውጪ ከየገጠሩ የመጣ ረሃብተኛ ተኮልኩሎ ነበር።

ሼህ ይመር አልተቆጡም። «ምን ያድርጉ፣ የራበው ሰው እንዳለ የሚያስረዳቸው ሰው የላቸዋ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ አመሻሽ ላይ እኛ የማናውቀውን ባሕር በምናውቀው እያስመሰልህ ታስረዳናለህ። ቀን ቀን ሐኪሟ የማታውቀውን አገር ለምን አታስረዳትም?»

ትእዛዝ ነው አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና ለሶላት ተነሡ።

በማግሥቱ ሐኪሟን አንድ ነገር ልጨምር እፈልጋለሁ አልኳት። አስተያየትህን አልጠየቅሁም አለችኝ። አስተያየት አይደለም፣ ሰውየው ከተናገሩት የቀረው ነው አልኳት። አልሐምዱሊላህ ምን ማለት እንደሆነ፣ ማን ማን እንደሚለው፣ ጨርቅ ውስጥ ስላለው ድርቆሽ ነገርኳት። ሰማችኝና ልክ የሆነውን ጥያቄ አንተ ጠይቃቸው አለችኝ። ሼህ ይመር እንደ ልማዳቸው ድንኳኑ ሲደርሱ፣ ሥራ ከጀመርኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴን ጥያቄ ጠየቅሁ።

«አባባ፣ የመጡ ዕለት ጠዋት፣ ከመንደሩ ሲወጡ ጢስ የሚወጣበት ቤት ነበር?»

«የእኔ ብቻ» አሉ። «እሱም ባለቤቴ ውሃ እያፈላች ነው። ልጆቹ የሚበስል ነገር ያለ እንዲመስላቸው።»

ቃል በቃል ተረጎምኩ፤ ምንም መጨመር አላስፈለገኝም። ሐኪሟ ድንኳኑን ትታ ወጣችና ደምሴን ጠራችው። አጋሰሶቹ የዚያኑ ቀን ተጫኑ።

ሼህ ይመር አብረው ወረዱ። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር ቁልቁለቱ ሙልጭ ሙልጭ ይላል፤ ደምሴ በቅሎ ላይ ውጡ ቢላቸው ለእህሉ ይሁን ብለው እንቢ አሉ። ድርቆሹን በትከሻቸው አንግተዋል። መጽሐፉን ግን አልረሱትም፤ «ስመጣ ከተውንበት ትቀጥልልኛለህ፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ።

ደምሴ ሲመለስ ልብሱ ጭቃ በጭቃ ነበር። ሐኪሟ እንዴት ነበር ስትል ጠየቀችው። እህሉ በደህና ደረሰ፣ ሼህ ይመርም ለሐኪሟ አልሐምዱሊላህ በልልኝ ብለዋል አለ። ተረጎምኩላት። ፊቷ ፈካ፤ ግን ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ጠበቀች።

«ጢስ ነበር?» አልኩት።

«እህሉ ከተከፋፈለ በኋላ ከሁሉም ቤት ነበር» አለ ደምሴ።

«ከእሳቸውስ ቤት?»

ደምሴ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ከእሳቸው ቤት የለም። የሚያበስልም የሚበላም በሕይወት አልጠበቃቸውም። እሳቸው ከጎረቤት ነው የሚበሉት።»

ይህንንም እንደተነገረኝ ተረጎምኩ። አጋሰሶቹ ወደ ከላላ የሄዱበት ሳምንት ትዝ ያላት ይመስለኛል፤ እኔም ትዝ ብሎኛል። ሁለታችንም ስለዚያ ተነጋግረን አናውቅም። በጣም አዘንኩ፤ ዛሬም ሲነሣ አዝናለሁ።

ወይዘሮ ዘነቡ ቃላቸውን አጥፈው መጽሐፉ እንዲያልቅ ፈቀዱ። ንጉሡ ከዙፋን በወረዱ ሰሞን የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩ። ሼህ ይመር አልመጡም። የሚቀመጡበት መደብ ላይ ማንም ሳይቀመጥ ጨረስን።

ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ለብዙ ሰው አስተርጉሜአለሁ፤ ለሐኪም፣ ለካድሬ፣ ለመሐንዲስ። ሥራውን ለሚጀምሩ ልጆች አንድ ነገር ነው የምነግራቸው። ሰውየው አልሐምዱሊላህ ካለ፣ አልሐምዱሊላህ ብላችሁ ተርጉሙ። ከዚያ ስለ ጢሱ ጠይቁ።