በሩ የጠፋበት ሜዳ

ጃኬቱን ገልብጦ የለበሰ ልጅ ሳይ፣ ሆሎዌይ ሮድ ላይ በጠራራ ፀሐይም ቢሆን ሰውነቴን ብርድ ብርድ ይለዋል። ሌላው ሰው ይስቃል፤ "እናቱ ተኝታ ነው ያለበሰችው" ይላል። እኔ ግን ልጁ ከየት ወጥቶ እንደመጣ ማወቅ እፈልጋለሁ።

ልጅ እያለሁ እዚያው ሆሎዌይ፣ የከተማው አስተዳደር፣ ካውንስሉ፣ በሰጠን ፍላት ከእናቴ ጋር ስንኖር፣ ከበላያችን እማማ ኖራ የሚባሉ አይሪሽ ሴትዮ ነበሩ። "እማማ" ያልናቸው እኛ ነን፤ ትርጉሙን ባያውቁትም ስንጠራቸው ደስ እያላቸው ዞር ይሉ ነበር። እናቴ በስደት ስትመጣ የመጀመሪያዋን ብርድ ልብስ የሰጧት እሳቸው ናቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ? አንድ ሰመር ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሦስታችን ተያይዘን፣ ባሕሩን በመርከብ ተሻግረን እማማ ኖራ ወደ ተወለዱባት የአይሪሽ መንደር ሄድን።

መንደሯ አንድ መንገድ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያንና አንድ መጠጥ ቤት ነበሯት። ሽታዋ እስከዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ፤ እርጥብ ሣር፣ የላም በረት፣ ከረግረግ ተቆርጦ የደረቀና ምድጃ ውስጥ የሚነድ አፈር። አፈር ሲነድ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከመንደሯ ጀርባ ጣሪያ የሌላቸው የድንጋይ ቤቶች ተደርድረው ቆመዋል። በድሮ ዘመን ድንቹ መሬት ውስጥ በስብሶ ረሃብ ሲገባ፣ ነዋሪዎቻቸው ገሚሶቹ አልቀው ገሚሶቹ ተሰደው ባዶ የቀሩ ቤቶች ናቸው። እማማ ኖራ በአጠገባቸው ሲያልፉ ሰው እንደተኛበት ቤት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። እናቴ ረሃብ የሚለውን ስትሰማ አንገቷን ደፋች።

ከቤቶቹ ቀጥሎ በድንጋይ አጥር የተከበበች፣ አንድ በር ብቻ ያላት፣ ከትምህርት ቤታችን ሜዳ የማትበልጥ ቦታ ነበረች። መሀሏ ላይ አንድ ጎባጣ እሾሃማ ዛፍ፣ ከሣሩ ውስጥ ደግሞ ብቅ ብቅ ያሉ፣ ጽሑፍ የሌላቸው ትናንሽ ድንጋዮች ነበሩ። ከብት አይሰማራባትም፤ የዛፏን ቅርንጫፍ የሚሰብርም የለም።

"እዚያ እንዳትገቢ፤ ሰው መንገድ ይጠፋዋል" አሉኝ እማማ ኖራ። እናቴ ደግሞ ዛፏን አየት አድርጋ "አድባር ናት፤ ተያት" አለችኝ።

አትግቢ የተባለ ልጅ ምን እንደሚያደርግ የእኔ ዘመን ሰው ያውቀዋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኳሴን ተከትዬ ገባሁ። ከዛፉ ሥር መሬቱ ለስልሶ አንዱን ጫማዬን ያዘው፤ እግሬን ነቅዬ ዞር ስል በሩ የለም። ጉም አልነበረም፤ የመንደሯ ጣሪያዎች ወለል ብለው ይታዩኛል። አጥሩን ተከትዬ ዞርኩ። ድንጋይ፣ ድንጋይ፣ እንደገና ያው ዛፍ። ወፎቹ ሁሉ ዝም አሉ። እናቴ ስትጠራኝ እሰማታለሁ፤ ድምጿ ግን አንዴ ከፊቴ፣ አንዴ ከኋላዬ ይመጣል። ፈራሁ፤ እሪ አልኩ።

"ኮትሽን ገልብጠሽ ልበሺ!" የሚል የእማማ ኖራ ድምፅ ተሰማኝ። ገለበጥኩት። ቀና ስል በሩ ፊት ለፊቴ ነው፤ ሁለቱም እዚያው ቆመዋል።

"ምን ሆነሻል? ዓይን ለዓይን እየተያየን ስጠራሽ ትዞሪያለሽ!" አለች እናቴ። እሷ እኔን ስታየኝ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ግን እሷን አላየኋትም።

ቁጣ ስጠብቅ፣ እማማ ኖራ ፊታቸው ነጭ ሆኖ ትከሻዬን ያዙኝ። "የት ጋ ረግጠሽ ነው በሩ የጠፋብሽ?" አሉ። ጭቃው ውስጥ የቀረችውን ጫማዬን አሳየኋቸው።

ነገሩን የነገሩን ያን ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ሳይጠመቅ የሞተ ሕፃን በቤተ ክርስቲያን ግቢ አይቀበርም። አባት ማታ ላይ ብቻውን ታቅፎ አምጥቶ እዚህ ያኖረዋል፤ ቦታውንም ለማንም አይናገርም። የሕፃኑን መቃብር የረገጠ ሰው መንገድ ይጠፋዋል ይባላል። እማማ ኖራም እህት ነበረቻቸው፤ በተወለደችበት ዕለት ሞታ አባታቸው እዚህ አኖሯት። መንደራቸው በተመለሱ ቁጥር በሩ ይጠፋባቸው እንደሆነ ብለው ያንን ሜዳ ሲረግጡት ኖረዋል።

"አንድ ቀን እንኳ አልጠፋብኝም። በሩ ሁልጊዜ ይታየኛል" ብለው አለቀሱ።

"እማማ፣ ይቺኛዋ የእርስዎ መሆኗን በምን ያውቃሉ?" አለች እናቴ ቀስ ብላ።

"የእኔ ባትሆን የአንድ ሰው እህት ናት" አሉና ከጫማዬ አጠገብ ተንበርክከው በራሳቸው ቋንቋ ሲያነጋግሯት ቆዩ። እናቴ ማተቧን ከአንገቷ ፈትታ እሾሃማው ዛፍ ላይ አሰረችው። ስትፈታው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጫማዬንም ማንም አላወጣትም።

እማማ ኖራ ካረፉ ቆዩ። ከበላያችን የሚኖሩትን ዛሬ በስም አላውቃቸውም፤ ሊፍት ውስጥ ሁላችንም ስልካችንን እናያለን። እሳቸውን ስናፍቅ ግን ናፍቆቱ ያመኛል። ዘንድሮ ልጄን ናታንን ይዤ ወደ መንደሯ ሄድኩ። መጠጥ ቤቱ ተዘግቷል፤ የአፈሩም ጢስ የለም። የስልኬ ካርታ እስከ ሜዳዋ በር ድረስ አደረሰኝ። በእኛ ጊዜ ሰው ይጠፋ ነበር፤ ዛሬ መጥፋትም ቀረ። ሜዳዋን ሁሉ ረገጥኳት፤ በሩ ከዓይኔ አልራቀም። እንደ እሳቸው ከፋኝ።

እንውጣ ብዬ ስዞር ናታን ከዛፉ ማዶ፣ የእኔ ጫማ ከቀረችበት ራቅ ብሎ ቆሟል። በሩ ፊት ለፊቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

"ማሚ፣ በሩ የት ሄደ?" አለኝ።

ጃኬቱን ገልብጬ ከማልበሴ በፊት የቆመበትን መሬት ደህና አድርጌ አየሁት። ከዚያ ማተቤን መፍታት ጀመርኩ።