ሦስት ነጥብ ያለበት ቱቦ

ግንፍሌ የሚለውን ስም ያወጣችለት የገዛ እናቱ ናት። የተጣደ ወተት ዞር ሲሉበት እንደሚገነፍል፣ ልጇም ዓይኗን ከላዩ ነቀል ስታደርግ ሰው ላይ ይገነፍላል። መጀመሪያ በቤት ተጠራበት፣ ከዚያ ሰፈሩ ተቀበለው። ዛሬ ሃምሳ ሊደፍን ሁለት ዓመት ሲቀረው እውነተኛ ስሙን የሚያስታውሰው መታወቂያው ብቻ ነው።

በሰባት ዓመቱ ኳሱን የነጠቀውን የጎረቤት ልጅ ጆሮ ነክሶ ይዞ፣ ሦስት ሰው ነው አፉን ፈልቅቆ ያስለቀቀው። በሃያ ሁለት ዓመቱ የተቀጠረበት ጋራዥ አለቃ "ደደብ" ቢለው በቴስታ አፍንጫውን ሰበረው። አለቃው ደሙን በእጅጌው ሲጠርግ እሱ መሣሪያዎቹን ሰብስቦ ወጣ፤ "ተባረሃል" እስኪሉትም አልጠበቀ። ደግሞ ከመታ በኋላ የሚያለቅሰው ራሱ ነው። ተመቺው ቁስሉን ሲያብስ ግንፍሌ ተንሰቅስቆ "ሳላውቀው ነው እኮ! ሳላውቀው ነው!" ይላል። ሰውም ያዝንለታል። እኔ ብሆን አላዝንለትም፤ ግን ማን ጠየቀኝ።

የሚገርመው የእጁ ነገር ነው። ያ ሰው ሲያናድዱት ቡጢ የሚሆን እጅ፣ ብየዳ ላይ ሲቀመጥ እንደ ጥልፍ ሠሪ እጅ ይረጋጋል። ሙያው ከአባቱ ነው፤ አባቱም በያጅ ነበሩ። ያስተማሩትም በጥፊ ነው። ብየዳው ከተጣመመ አንድ ጥፊ፣ ከተቦረቦረ ሁለት፣ ካማረ ዝም። አንድ ልማድ ነበራቸው። ጥሩ ብረት እጃቸው ከገባ ጫፉ ላይ ሹል ብረት ደግነው በመዶሻ ሦስት ነጥብ ይመቱበታል። ሦስት ነጥብ ያለበት ብረት ለበርና ለመስኮት አይባክንም፣ የሰው ክብደት ለሚሸከም ሥራ ይቀመጣል። ነጥቡን በሞረድ ማጥፋትማ በእሳቸው ቤት አባትን ከመሳደብ እኩል ነበር።

አባት ሲሞቱ ወርክሾፑ ለሁለት ወንድማማቾች ቀረ። ታናሹ ግንፍሌን በአስራ አንድ ዓመት ያንሰዋል፣ ሙያውም ሞተር መጠምጠም ነው። የተቃጠለ ሞተር ሆዱን ከፍቶ፣ ያረረውን ሽቦ አውጥቶ፣ በአዲስ መዳብ እንደገና ይጠመጥመዋል። ወርክሾፑ ከእናታቸው ቤት ጀርባ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ጠረጴዛ አንድ፣ ብረት መንከሻ ሞርሳ አንድ፣ ሶኬትም አንድ። ጦሱ የመጣው ከሶኬቱ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ጠዋት ግንፍሌ የግቢ በር ሲበይድ እሳቱ ድንገት ድርግም አለበት። መነጽሩን ገፍቶ ዞረ። ታናሹ የብየዳውን ገመድ ነቅሎ የጠመጠመውን ሞተር ሊሞክር ሰክቷል።

"ማን ንቀል አለህ?"

"ሁለት ደቂቃ ነው! አንተ ብቻ ነህ እንዴ እዚህ ቤት የምትሠራው?"

"አባባ ቢኖሩ ይህቺን አታደርጋትም ነበር!"

"አባባ ከመምታት ሌላ ምን ያውቁ ነበር?" አለ ታናሹ። "አንተም ያው ነህ።"

ጠረጴዛው ላይ የአባታቸው የመጨረሻ ጥሩ ቱቦ ተጋድሞ ነበር፤ ወፍራም፣ ከባድ፣ ጫፉ ላይ ሦስት ነጥብ ያለበት። ግንፍሌ አነሳው። የመጀመሪያው ምት ታናሹን ከቀኝ ጉልበቱ በታች አግኝቶ መሬት ጣለው። ታናሹ እግሩን በሁለት እጁ አቅፎ ወደ ላይ አየና "ወንድሜ" አለ። ከዚያ ሁለተኛው ምት መጣ፤ ጉልበቱ ላይ።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ራጁን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት።

"ምን ሆነህ ነው?"

"ቱቦ ወደቀብኝ" አለ ታናሹ።

"ስንት ጊዜ?"

"ሁለት ጊዜ።"

ሐኪሙ ግንፍሌን አዩት። ግንፍሌ የሐኪሙን ጫማ አየ። በዚች ውሸት ከእስር ተረፈ፤ ወንድሙ ግን ከዚያች ቀን ወዲህ አላናገረውም። ከሆስፒታል ሲወጣ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ክፍል ተከራየ። ጉልበቱ መታጠፍ እምቢ ብሎ ቀረ። እሁድ እሁድ በከዘራ እያነከሰ እናቱ ዘንድ ይመጣል፣ በፊት በር ገብቶ ምሳውን ይበላል፣ በፊት በር ይወጣል። ጓሮ ዝር አይልም።

እናትየው በመሃል ትመላለስ ጀመረች። "ሳላውቀው ነው በይልኝ" ይላል ግንፍሌ። ሄዳ ትነግራለች። መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "የመጀመሪያው ይሁን፣ ሳያውቀው ይሁን። ሁለተኛውስ? ብለሽ ጠይቂልኝ።" ተመልሳ ትጠይቃለች። ግንፍሌም "እሱንም ሳላውቀው ነው" ይላል። እንዲህ ሲባል ሁለት ዓመት ሞላ። እናት እግሯ አለቀ፣ ታናሹ ግን ከዚያች ጥያቄ ፈቀቅ አላለም። ግንፍሌ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድሙ ያችን የጓሮ በር አልፎ እንዲገባ።

አንድ እሁድ ከመስኮት ሆኖ ወንድሙን አየው። ከመንገዱ መታጠፊያ እስከ እናቱ ቤት ሦስት ቦታ ቆመ። ሦስተኛው ላይ ግንብ ተደግፎ ላቡን ጠረገ።  በማግስቱ ግንፍሌ ስልኩ ላይ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ፎቶ አገኘ፤ ክሩዘር የሚሉት፣ ጎማው ወፍራም፣ መሪው ሰፊ፣ ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ እግር ዘርግተው የሚንፈላሰሱበት። ለማይታጠፍ እግር የተሠራ መሰለው። "እሠራለታለሁ" አለ።

ልክ መውሰድ ግን ቀላል አልነበረም። የማያናግርህን ሰው እግር እንዴት ትለካለህ? እናቱ የታናሹን ልብስ ታጥብለት ስለነበር ሱሪውን ከገመድ ላይ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። የቀኙ እግር ጫፍ በእናቱ ስፌት ሁለት ጣት ያህል ታጥፏል። ስህተት መስሎት ደግሞ ለካ። ስህተት አይደለም፤ ያ እግር በሁለት ጣት አጥሯል። ይህን ማንም አልነገረውም ነበር። ሱሪውን አጣጥፎ ለእናቱ መለሰ።

ከዚያ ሥራ ጀመረ፤ ሥራ ከተባለ። ከቁራሌው ሁለት የተጣሉ ብስክሌቶች፣ ከተሰበረ ስኩተር ባትሪ፣ ከሌላ ቦታ ደግሞ በኋላ ጎማ እምብርት ውስጥ የሚገባ ሞተር ሰበሰበ። የመጀመሪያው ፍሬም ሲቀዘቅዝ ተጣመመበት። መዶሻውን አንስቶ እስኪበቃው ቀጠቀጠውና ግንቡ ላይ ወረወረው። ሁለተኛውን ሲቆርጥ የብረት መቁረጫው የግራይንደሩ ዲስክ ተፈረካክሶ ስባሪው ጉንጩን ሸረከተው፤ ደሙ እየወረደ ግራይንደሩን በእርግጫ አለው። ሦስተኛው ደህና ቆሞ ሳለ የባትሪውን ሽቦ ገልብጦ ሰካውና እሳት ብልጭ ብሎ ቅንድቡን ላጨው። እናቱ አሸዋ በባልዲ ይዛ ደረሰች።

"አንዱን ልጄን ሰብረህ፣ ሌላውን ደግሞ ልታነድብኝ ነው?" ብላ አሸዋውን ከነባልዲው ለቀቀችበት።

እሳቱ ጠፋ፣ የፍሬሙ መሃል ግን ተበላሽቶ ተቆርጦ ወጣ። የጎደለው ዋናው ብረት ነበር፤ ከመሪው ሥር ተነስቶ በወንበሩ ሥር አልፎ ኋላ ጎማ የሚደርሰው፣ ሰውየውን የሚሸከመው። ወፍራም ቱቦ ይፈልጋል። ግንፍሌ የቆርቆሮውን ክፍል ጥግ ለጥግ አሰሰ። እንዲያ ያለ ብረት አንድ ብቻ ነበር፤ ከበሩ ጀርባ የቆመው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እዚያው ነው። እናቱ ስትጠርግ እንኳ ዙሪያውን ነው የምትጠርገው።

ቆሞ አየው። ሁለት ቀን እያየው ዋለ። "ብረቱ ምን አጠፋ?" አለ በመጨረሻ። እንዴት ሰው እንዲህ ያስባል ትሉ ይሆናል። በያጅ እንዲህ ያስባል፤ ጥሩ ብረት ጥሩ ብረት ነው፣ ርዝመቱም ልክ ነው። ደግሞ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ቱቦው ከዓይኑ እንዲጠፋለት ፈልጓል። ብስክሌት ሆኖ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ ወንድሙን ተሸክሞ ሲሄድ ነገሩ ሁሉ የሚታጠብ መሰለው። ሦስቱን ነጥቦች ሊያጠፋ ሞረድ አንስቶ ነበር። እጁ እምቢ አለው። የአባቱ ምልክት ነውና ትቶት ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ሁለት ጊዜ ደረበበት።

በቀጣዩ እሁድ እናት ታናሹን ምሳ ካበላች በኋላ እጁን ያዘች። "ለእኔ ስትል፣ አንድ ጊዜ ጓሮ እለፍ።"

ከዘራው ሲሚንቶው ላይ ሲያንኳኳ ግንፍሌ ብስክሌቱን ለቅቆ ዞር አለ። ታናሹ የጓሮውን በር አልፎ ገባ፣ ብስክሌቱን ዞሮ ዞሮ አየ፣ ጎንበስ ብሎ ወደ ባትሪው ተመለከተ።

"ይሄን ሽቦ ማነው እንዲህ ያተረማመሰው?" አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው።

"እኔ ነኝ።"

"ያስታውቃል።"

ግንፍሌ ሳቀ፤ ሲስቅ እንባው ቀደመው። ታናሹ ከዘራውን ለእናቱ ሰጥቶ ተቀመጠ። በቀኝ በኩል ፔዳል የለም፤ ወደ ፊት የተዘረጋ የእግር ማሳረፊያ ነው። ያ የማይታጠፍ እግር ሄዶ ልኩ ላይ ዐረፈ፣ ሁለት ጣት እንኳ ሳይተርፍ። እጀታውን ጠምዘዝ ሲያደርግ ሞተሩ አጉረመረመና ብስክሌቱ ተንቀሳቀሰ። ግቢውን ዞረ። ሁለተኛ ዞረ። ሦስተኛው ላይ ጮክ ብሎ ሳቀ፤ እናትየው አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ከሣቁ ሳይወጣ ቆመና ማጥፊያውን ፍለጋ እጁን ከወንበሩ ሥር ሰደደ። ሞተር ጠምጣሚ ነው፤ ጣቱ ፀጉር የምታክል ሽቦ ይለያል። ጣቱ ሦስት ነጥብ አገኘ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ዳሰሰ። ከዚያ ቱቦውን እስከ ጫፉ በእጁ ተከተለው።

"እዚህ ላይ ልታስቀምጠኝ ነው?" አለ።

"ጥሩ ብረት ስለሆነ ነው... ሌላ አጥቼ... ሳላውቀው—"

"ሳታውቀው?"

ታናሹ ወረደ። እያነከሰ ሄዶ ግራይንደሩን ከጠረጴዛው አነሳ፣ ያችው ሶኬት ላይ ሰካው። የእሳት ፍንጣሪ ፊቱን እየገረፈው ከመሪው ሥር ቆረጠ፣ ከኋላ ጎማው በኩል ቆረጠ። ብስክሌቱ ለሁለት ተከፍሎ ወደቀ። ግንፍሌ አልከለከለውም። መሬት ቁጭ ብሎ ያየው ነበር። ታናሹ ጫፉ ገና ያልበረደውን ቱቦ በሁለት እጁ ይዞ ከፊቱ ቆመ።

"የመጀመሪያው ይሁን ብያለሁ" አለ። "ሁለተኛውስ?"

እናት "ልጆቼ" አለች። ማንም አልሰማትም።

ግንፍሌ ሳላውቀው የምትለዋን ቃል ሊል አፉን ከፈተ። አልወጣችም። "መሬት ሆነህ አየሁህ" አለ። "ወንድሜ ስትል ሰማሁህ። ጊዜ ነበረኝ። አውቄ ነው የመታሁህ።"

ቱቦው ወረደ። ግንፍሌ የገዛ ቅልጥሙ ሲሰበር በጆሮው ሰማ፣ ሕመሙ የመጣው ከድምፁ በኋላ ነው። ጮኸና በጎኑ ወደቀ። እናቱ በሩን ይዛ ትጮኻለች። ታናሹ ቱቦውን ሁለተኛ ከራሱ በላይ አነሳ። ግንፍሌ እጁን አልጋረደም። ሽቅብ አየውና "ወንድሜ" አለ።

ቱቦው አየር ላይ ቆመ። የታናሹ የአንገት ሥር ተገታተረ፣ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ተንጠባጠበ።  ከዚያ ቀስ አድርጎ አወረደውና፣ ሄዶ ጠረጴዛው ላይ፣ ያን ቀን በነበረበት ቦታ አጋደመው።

"አየህ?" አለ እያለቀሰ። "ሁለተኛው ይቆማል።"