ለሁሉም አንድ ጠርሙስ

ኩሮኪ በተሽከርካሪ ወንበር ተገፍቶ ወደ መመገቢያ አዳራሹ ሲገባ ቺዙሩ ሩዝ እየጨለፈች ነበር። ጭልፋው በእጇ እንዳለ ቀረ። ሰውየው አርጅቷል። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ አንገቱ ቀጥኖ ኮሌታው ሰፍቶታል። አገጩ ግን ያው ነው፤ ሰው ሲያይ ቀና፣ የሌላ ሰው ሰሃን ሲያይ ዘንበል የሚል አገጭ። ያን አገጭ ቺዙሩ በጨለማም ታውቀዋለች።

«ምነው፣ ሙት አየሽ እንዴ?» አለቻት ቶኪኤ፣ ከጎኗ ሾርባ የምታማስለው ሴትዮ።

«ሙት ቢሆንማ በማን ዕድሌ!»

«ማነው ደግሞ እሱ?»

«አስተማሪዬ ነበር፣ አራተኛ ክፍል።»

«ውይ፣ ታዲያ ምን ይገትርሻል? ሄደሽ ሰላም በያቸው እንጂ!»

«እላቸዋለሁ» አለች ቺዙሩ። «በደንብ አድርጌ ነው ሰላም የምላቸው።»

ቶኪኤ ነገሩ ቀልድ መስሏት ሳቀች። ከሀማዳ ወደብ በላይ ባለው በዚህ የአረጋውያን መኖሪያ ሁለቱ አብረው ሲያበስሉ ስንት ዘመን አለፈ፤ ቺዙሩ ግን በሆዷ የያዘችውን ነግራት አታውቅም። ሩዙን ይዛ ወደ ኩሮኪ ሄደች። ቀና ብሎ አያት፤ አላወቃትም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ እመቤት» ብሎ ዐይኑን ወደ ጎረቤቱ ሰሃን መለሰ። ይሄ ደግሞ ከሁሉ ባሰባት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በልጅነቷ ምሳ የሚበላው እዚያው መማሪያ ክፍል ውስጥ ነበር። ዴስክ ከዴስክ ይገጠምና ልጆቹ በየቡድናቸው ይቀመጣሉ። ዳቦ አለ፣ ወጥ አለ፣ በወረቀት የተከደነ አንድ አንድ ጠርሙስ ወተት አለ። ምንም ሳያስተርፍ ለበላ ቡድን ግድግዳው ላይ የወረቀት አበባ ይለጠፍለታል። ኩሮኪ የራሱን ወተት በአንድ ትንፋሽ ይገለብጥና አፉን ጠርጎ፣ «አያችሁ? ምን ይከብዳል? ለእኔ አጥንት የሆነ ለሁላችሁም አጥንት ይሆናል» ይል ነበር። ማንም ሳይጨርስ አይነሣም። ሕጉ ይሄ ነው።

የቺዙሩ ሆድ ግን ወተት አይቀበልም። ጠርሙሱ ሳይጋመስ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ቁርጠቱ ይመጣል። ቤታቸው ወተት የሚጠጣ ሰው አልነበረም፤ እናቷም አያቷም ሲቀምሱት ያማቸዋል። እናቷ አንድ ቀን የዓሣ ማጠቢያ ሽርጧን ፈትታ፣ ፀጉሯን አበጥራ ትምህርት ቤት ሄደችና «ልጄ አይስማማትም፣ እባክዎ ይተዉልኝ» አለችው። ኩሮኪ ተነሥቶ በአክብሮት ጎንበስ አለላት፤ አክብሮቱንማ ያውቅበታል። «እርስዎ አስቀብጠዋት ነው እንጂ ሆድማ ይለምዳል» ብሎ መለሳት። እናትየዋ አፍራ ወጣች።

ከምሳ በኋላ የክፍል ጽዳት ነው። ሌሎቹ በልተው ሲነሡ ቺዙሩ ጠርሙሷን አቅፋ ትቀመጣለች። ልጆቹ ዴስኮቹን ወደ ኋላ ሲገፉ እሷንም ከነዴስኳ ይገፏታል፤ ከዚያ ይጠርጋሉ፣ አቧራው በፀጉሯም በወተቱም ላይ ይወርዳል። ቡድኗ አበባ አያገኝም። አበባ ያላገኘ ልጅ ደግሞ ማንን እንደሚያኮርፍ ያውቃል።

አንድ ቀን ቁርጠቱ አላስቆም ሲላት እጇን አወጣች። «መምህር፣ ሽንት ቤት ልሂድ?»

«መጀመሪያ ጠርሙሱን።»

ጠጣችው። ከአፏ ሳታወርደው ሆዷ ከዳት፤ መጥረጊያ በያዙት ልጆች ሁሉ ፊት፣ እዚያው በተቀመጠችበት። የስፖርት ቁምጣ አልብሰው፣ ቀሚሷን በከረጢት አስይዘው ወደ ቤቷ ሰደዷት። ከማግስቱ ጀምሮ ስሟ «ጭቃ» ሆነ። ስሙ ተከትሏት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያዳናት ጎሮ የሚባል የቡድኗ ልጅ ነው። በርኅራኄ አይደለም፤ ቤታቸው ልጅ ይበዛል፣ እሱ ሁልጊዜ ይርበዋል። ኩሮኪ ፊቱን ወደ ግድግዳው ሲያዞር ባዶ ጠርሙሱን ያቀብላትና ሙሉውን ከእጇ ላፍ አድርጎ ይገለብጠዋል። ቡድኑ አበባ ማግኘት ጀመረ። ኩሮኪም ባዶውን ጠርሙስ አይቶ ራሷን ዳበሳት። ዳበሳው እስከ ዛሬ ያንገሸግሻታል።

ቺዙሩ ከዚያ ወዲህ ሰው እያያት መብላት አልቻለችም። ወጥ ቤት የገባችውም ለዚህ ነው፤ አብሳይ ሰው ከበላ በኋላ ብቻዋን ብትበላ ማን ጠይቋት? ዓሣ አጥማጁ ባሏ ደግ ሰው ነበር፤ «አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለሽ ብይ እንጂ» እያለ ለመናት። ጀርባዋን ሰጥታው ምድጃው ጋ ቆማ ትበላለች። ስትጎርስ ፊቷን ሳያይ ሞተ። በቀብሩ ቀን ቺዙሩ ያለቀሰችው ለእሱ ነው፤ የረገመችው ግን ኩሮኪን ነው።

አሁን እጇ ላይ ወድቋል።

ምን እንደምታደርገው ለማሰብ ብዙ አልደከመችም። የምግብ ባለሙያዋን «ለአዲሱ ሽማግሌ ጠዋት ጠዋት ወተት ብጨምርላቸውስ?» ብላ ጠየቀች። ባለሙያዋ ደስ አላት። ቺዙሩ ትልቁን ኩባያ ቀዝቃዛ ወተት ሞልታ ፊቱ አስቀመጠችና ጠረጴዛ እንደምታብስ ሆና ቆመች። ይጠጣ፤ ሆዱ ይጩህ፤ በሰው ፊት ይዋረድ። ጨርቁን ጨምድዳ ጠበቀች።

ኩሮኪ በአንድ ትንፋሽ ገለበጠው። «አቤት!» አለ፣ ከንፈሩ ላይ የቀረውን ነጭ እየላሰ። «ይሄ ነው ጠዋት ማለት! እመቤት፣ ይደገማል?»

በማግስቱም፣ በሳልስቱም ያው ነው። ምንም አልሆነም። ምንም አልሆነም ብቻ አይደለም፣ ይብስ ብሎ ያምርበት ጀመር። ጉንጩ ቀላ፣ ወንበሩን ትቶ በከዘራ መሄድ ጀመረ።

«ምንድነው የምታበዪያቸው ሴትዮ?» አለች ቶኪኤ በመገረም። «ጥጃ መሰሉ እኮ! ለእኔም ስጪኝ።»

ቺዙሩ ድስቱን በክዳኑ ጠረቀመችው። ደሟ ፈላ። እንግዲህ ይታያችሁ፤ በቀል ያለችው ነገር ቀለብ ሆኖት አረፈ። ሰው የራሱን ሆድ ይዞ የሌላውን ሆድ ሲለካ እንዲህ ነው የሚሆነው። እሷን የገደላት ሁሉን የሚገድል መሰላት፤ እሱን ያደለበው ሁሉን የሚያደልብ እንደመሰለው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አላት። ኩሮኪ ለካ አልዋሸም ነበር። «ለእኔ አጥንት የሆነ» ሲል በእርግጥ ለእሱ ሆኖለት ነው። ይሄን መረዳቷ ግን ልቧን አላራራውም። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ክፋቱን ያውቅ ነበር፣ አንዳንዴም ይቆጨው ነበር። ይሄኛው በደል የሠራባት ሳይመስለው ዕድሜ ልኩን ለጥ ብሎ ተኝቷል። ስለዚህ ሆዱን መንካት ዋጋ የለውም፤ ማወቅ አለበት። እሷ የምትፈልገው ይህን ነበር፤ እንዲያውቅ።

በመስከረም የአረጋውያን ቀን ሲከበር የድሮ ተማሪዎቹ ሊጠይቁት መጡ፤ ሁሉም ሸምግለዋል፣ ሴቶቹ ጃንጥላ፣ ወንዶቹ የጣፋጭ ፓኮ ይዘዋል። ጎሮም መጣ። በወደቡ የዓሣ ጨረታ አለቃ ሆኗል፤ ረጅም ነው፣ በሩን ጎንበስ ብሎ ነው የገባው። ቺዙሩ ቀይ ባቄላ የገባበትን የበዓል ሩዝ በትሪ ይዛ ስትገባ ኩሮኪ ቆሞ እየተናገረ ነበር።

«ብዙ ልጅ አስተምሬያለሁ» ይላል። «ከሁሉ የምኮራው ግን በአንዲት ልጅ ነው። ወተት አልጠጣም የምትል እልኸኛ ነበረች። እናቷ መጥታ ለምናኛለች። እኔ ግን አልተውኩም! በመጨረሻ ጠርሙሱን ጥርግ አድርጋ ትጠጣ ጀመር። ለወጣት መምህራን ሁሉ ስነግራቸው የኖርኩት ይህን ነው፤ ልጅን መውደድ ማለት ይሄ ነው ብዬ። ያቺ ልጅ ዛሬ የት ትሆን?»

ሰው አጨበጨበ። ቺዙሩ ትሪውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች።

«እዚህ ናት» አለች።

ጭብጨባው ቆመ። ኩሮኪ ዐይኑን አጥብቦ አያት።

«ቺዙሩ ነኝ፣ መምህር። መስኮቱ አጠገብ የነበረው ቡድን።»

ፊቱ ፈካ። «ቺዙሩ! እዩዋት እስቲ!» አለ ወደ ሰዉ ዞሮ። «እዩዋት! ትከሻዋን እዩት! አላልኳችሁም?»

«አልጠጣሁትም።»

«ምን አልሽ?»

«ወተቱን። ከዚያ ቀን በኋላ ጠብታም አልቀመስኩም።»

«ባዶውን ጠርሙስ በዐይኔ አይቻለሁ!»

ከወደ ኋላ ጎሮ ጉሮሮውን ጠራረገ። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ... እኔ ነኝ የጠጣሁት።»

«አንተ?»

«የእሷንም የራሴንም። ዓመቱን ሙሉ! ታዲያ ይሄ ቁመት ከየት የመጣ መሰልዎት?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የመኖሪያው ሽማግሌዎችም፣ ያልሰሙት ጭምር፣ አብረው ሳቁ። ኩሮኪ ከዘራውን ጨብጦ የማይስቅ ሰው በዐይኑ ፈለገ፤ ያገኘው ቺዙሩን ብቻ ነው።

«ከዚያ ቀን በኋላ ነው ያልኩት፣ መምህር» አለች። «ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ስለምንዎት ምን አሉኝ? የሆነውን እርስዎ ይነግሯቸዋል ወይስ እኔ ልንገራቸው?»

ሳቁ ጸጥ አለ። እዚያ ካሉት ብዙዎቹ ያን ቀን መጥረጊያ ይዘው ነበር። ጎሮ አንገቱን ደፋ። ኩሮኪ ማስታወስ ሲጀምር ፊቱ ላይ ታየ። እሷም እያንዳንዷ ነገር ስትመለስበት ቆማ ተመለከተች፤ ምንም እንዲያመልጣት አልፈለገችም።

ከሴቶቹ አንዷ ጃንጥላዋን እያሻሸች «ታናሽ ወንድሜንም እንቁላል አስበልተውት ነበር» አለች በቀስታ። «ዐይኑ እስኪደፈን ያብጥ ነበር፤ ጨርስ ይሉታል።» አንድ መላጣ ሰውዬ ደግሞ ቀጠለ፤ «እኔማ ዳቦው ነው። ቤቴ ስደርስ አስመልሰዋለሁ። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።» ኩሮኪ አንዱ በተናገረ ቁጥር ወደ ተናጋሪው ይዞራል። በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ይዘውለት የመጡት ጣፋጭ ሳይከፈት ቀረ።

ቺዙሩ ትሪዋን አንሥታ ወጥ ቤት ገባች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እውነቱን ለመናገር፣ ባሏን ከቀበረች ወዲህ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም።

«ምነው ለሽማግሌ ሰው እንዲህ ትጨክኛለሽ?» አለቻት ቶኪኤ። ሁሉን በበሩ ቀዳዳ ሰምታለች።

«ልጅ ሆኜ ማን ራራልኝ?»

ቶኪኤ ወደ ሰሃኖቿ ዞረች።

በማግስቱ ጠዋት ኩሮኪ ወተቱን አልነካውም። ሰዉ በልቶ ተነሣ፤ እሱ ብቻውን ቀረ። ቺዙሩ ኩባያውን ልታነሣ ስትጠጋ እጁን በእጇ ላይ አደረገ። እጁ ቀዝቃዛ ነበር።

«ይቅርታ ማለት ይቀለኝ ይሆናል» አለ። «ሌሊቱን ሁሉ ሳስብ ያደርኩት ግን ሌላ ነው። አንድም ቀን አልጠየቅኩሽም። ያኔ ምን ነበር የሚስማማሽ? ምን ስትበዪ ነበር ደኅና የምትሆኚው?»

ቺዙሩ ይህን ጥያቄ ታውቀዋለች። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ በየቀኑ፣ አቧራ እየወረደባት ጠብቃዋለች፤ መልሱንም አዘጋጅታ ነበር። አያቷ ጣሪያ ላይ የምታደርቀው ከነአጥንቱ የሚበላ ትንሽ ዓሣ፤ ከአኩሪ አተር የሚረጋ ትኩስ ቶፉ፤ ከሰሊጥ ጋር የታሸ የፍጅል ቅጠል። እናቷ በዚህ አሳድጋት አንድም ቀን አሟት አያውቅም ነበር። አንድ ሰው ቢጠይቃት ኖሮ ሳትተነፍስ ትዘረዝርለት ነበር። አሁንም ምላሷ ላይ መጣ።

«ንገሪኝ፣ እባክሽ» አለ ኩሮኪ። «ማወቅ እፈልጋለሁ።»

እጇን ከእጁ ሥር አወጣች።

«አልነግርዎትም» አለችው። ወተቱን ወስዳ ማጠቢያው ውስጥ ደፋችው።