የገብስ ቤት

ሸዋረገድ ስንት ቅዳሜ ተንበርክካ የፈተገችው ወለል ላይ ጋሽ ግሩም ቆመው አፍንጫቸውን ያዙ። ደሟ ፈላ።

ጉባኤያቸው ግሪስሃይም ሰፈር የሚከራየውን አዳራሽ ሊለቅ ነው። በአዳር ጸሎቱ ጩኸት ጎረቤት ፖሊስ ጠራ፤ አከራዩም ስድስት ወር ሰጥቶ ልቀቁ አለ፤ የቀረው ይህ ወር ብቻ ነው። ኤርፖርት በጽዳት የምትሠራው ሸዋረገድ ስትዞር ከርማ፣ ሪድበርግ ሰፈር አጠገብ ካለ አሮጌ መንደር ጫፍ አንዲት ባልቴት የማይጠቀሙበት የእህል ጎተራ አገኘች። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጎረቤቱ እርሻ። የሸረሪት ድሩን ጠረገች፣ የዛገውን የበር ማጠፊያ ዘይት አጠጣች፣ ከዚያ የጉባኤውን ሁለት ሽማግሌዎች፣ ጋሽ ግሩምንና አድነውን፣ ጠራች። እነሱ እንቢ ካሉ ጉባኤው መበተኑ ነው።

እንግሊዝኛ የምታጠናው ልጇ ሃይሚ ለወጣቶቹ በጻፈችው መጥሪያ ላይ ቦታውን «ባርን» ብላዋለች። ጋሽ ግሩም ስልካቸውን አውጥተው የቃሉን ትርጉም ፈለጉ።

«በረት ነው የሚለው! የእግዚአብሔርን ሕዝብ በረት ልታስገቢ ነው፣ እህት ሸዋረገድ?»

«ላም ገብቶበት አያውቅም! የገብስ ማስቀመጫ ነበር።»

«ናይን፣ አይደለም ጋሼ፣ ቃሉም እንደዚያ ነው» አለች ሃይሚ። «በድሮ እንግሊዝኛ ‹ቤሬ› ገብስ፣ ‹ኤርን› ቤት ነበር። የገብስ ቤት። ሲያሳጥሩት፣ ሲያሳጥሩት ባርን ሆነ።»

«ዛሬስ?»

ልጅቷ አመነታች። «ዛሬ... ላምም ያስገቡበታል።»

ሸዋረገድ ገላመጠቻት። «አሁን ይሄን ባትጨምሪ ምን ነበረበት?»

«ማማ፣ ጠየቁኝ እኮ!»

«ጌታስ የት ተወለደ?» አለች ሸዋረገድ ወደ ጋሽ ግሩም ዞራ።

«ተወለደበት እንጂ አልተከራየውም።»

ሁለተኛው ሽማግሌ አድነው ሳቁ አመለጠው። ያን ጊዜ ሸዋረገድ ንዴቱ ባሰባት።

«እንግዲያው እርስዎ ይፈልጉ! ‹እስኪነጋ የምንጮህ ሰዎች ነን› ብለው ይደውሉና የሚያከራይዎትን እናያለን። እኔ ከሥራ መልስ ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ እየያዝኩ በየባቡሩ ስንከራተት፣ ስንቱ በር ፊቴ ላይ ተዘጋ! እርስዎ የከፈቱት ስልክዎን ብቻ ነው።»

«እኔን ነው እንዲህ የምትናገሪኝ?» ብለው ወጡ።

አድነው ጃኬቱን አወለቀ። «ሸዋዬ፣ መድረኩ በየት በኩል ይሁን?»

«በፈለግክበት!» ብላ ጮኸችበት። ሜትር ከኪሱ አውጥቶ ሲዘረጋ ግን ጫፉን ይዛ ቆመች።

ጋሽ ግሩም ግቢው ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ አልሄዱም። እሷም ይግቡ አላለቻቸውም።