ከበሬዎቹ ጋር ጨው የተሻማሁበት ክረምት

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ክረምቱ ጠንክሮ፣ ጾመ ፍልሰታም የገባበት ወቅት ነው። ይኸው አግብቼ ወልጄ፣ ዛሬም ጨው ቆንጥሬ ወጥ ውስጥ ስጨምር ያ ክረምት ድቅን ይልብኛል። ሞቼ ነበር እኮ! የተረፍኩት ደግሞ ሰው እንዳይሰማብኝ አጥብቄ በደበቅሁት ነገር ነው።

የምንኖረው ከሳጉሬ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው። እናቴ ቀድማ ስላረፈች ያሳደገችኝ የአባቴ እህት አክስቴ ወርቅነሽ ናት። አክስቴ እጇ ለሥራ፣ አፏ ለወሬ የማይሰንፍ ሴት ናት። ክፋት የላትም፤ ግን ነገር ሆዷ ውስጥ አያድርም። የነገሯትን ሁሉ ሰፈር ይሰማዋል።

መጀመሪያ የመጣብኝ ጥቁረት ነው። የቀይ ዳማ ነበርኩ። ከገብስ አጨዳው ጀምሮ ፊቴ፣ ክርኔ፣ የጣቶቼ መገጣጠሚያ እየጠቆረ ሄደ። ማጭድ የቆረጠኝ ጣቴ ሲሽር ጠባሳው ከሰል መሰለ። የእኛ አገር ደግሞ ብርድ ነው፤ በሐምሌ ፀሐይ የሚባል አይታይም። ጎረቤቶቻችን "ምነው፣ ዶዶታ ቆላ ወርደሽ ከረምሽ እንዴ?" እያሉ ይስቁብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ።

ከዚያ ድካም መጣ። ከተቀመጥኩበት ስነሣ ዓይኔ ይጨልማል። ጀሪካን ተሸክሜ ከምንጭ ስመለስ ሦስት አራት ቦታ አርፋለሁ። አክስቴ "የዘንድሮ ልጅ! እኔ በአንቺ ዕድሜ ሁለት እንስራ ነበር" ትለኛለች። ክሊኒክ ብንሄድ ታይፎይድ ነው አሉን፤ መድኃኒቱን ጨረስኩ። ደግመን ብንሄድ ጨጓራ ነው ተባልን። እሱንም ጨረስኩ። ክብደቴ ግን እየቀነሰ፣ ቀሚሴ እየሰፋኝ ሄደ።

በዚህ ላይ የጨው ነገር አለ።

አባዬ ደም ግፊት አለበት። የቀበሌያችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት ድረስ መጥታ ጨው እንዲቀንስ መከረችው። አክስቴ ምክሩን ለቤቱ ሁሉ አደረገችው። "ለአንድ ሰው ብዬ ሁለት ድስት አልጥድም! ሁላችሁም ያለ ጨው ትበላላችሁ" አለችና ጨዉን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ሌላው ሰው አጉረምርሞ ለመደው። እኔ ግን አልቻልኩም። ምን ብዬ ልንገራችሁ፤ እርጉዝ ሴት አምሯት እንደምታጣው ነገር ነው። በሕልሜ ሳይቀር ጨው እበላለሁ።

በረት ውስጥ ለበሬዎቹ የሚቀመጥ አሞሌ ጨው ነበር። አንድ ቀን አዛባ ልጠርግ ገብቼ ከጫፉ ሰብሬ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። በማግስቱም። በኋላማ መስበሩንም ትቼ ተንበርክኬ መላስ ጀመርኩ። የኛ ጉራቹ የሚባለው በሬ አንገቱን አስግጎ ሲመጣ በክርኔ እገፋዋለሁ። አክስቴ የያዘችኝ እንዲህ እየተጋፋሁት ነው።

"እግዚኦ! ስምንተኛው ሺህ ገባ! ሰው ከከብት ጋር ጨው ይሻማል?"

እግሯ ላይ ወድቄ ለማንም እንዳትነግርብኝ ለመንኳት። እሺ አለች፤ አሞሌውን ግን ሳጥኑ ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ ወዲህ በሬዎቹን ስታስልስ እስኪጨርሱ አጠገባቸው ቆማ ትጠብቃለች። ለእኔ ብላ ነው። እሷም እኔም ያላወቅነው ግን በሕይወት ያቆየኝ ያ የበሬ ጨው እንደነበረ ነው።

ፍልሰታ ሲገባ እኔም እንደ እኩዮቼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾም ጀመር። ጥቂት ቀን እንደቆየሁ ሆዴን ቆርጦ ያዘኝ። የቀመስኩት ሁሉ ተመልሶ ይወጣል። እጄና እግሬ በረዶ ሆነ። አልጋ ላይ ቀና ስል ቤቱ ይዞርብኛል። ጎረቤት ገብቶ እያየኝ ከንፈሩን እየመጠጠ ይወጣል። አንዷ "ዓይን ነው፤ ዓይን በልቷታል" ስትል ሰማኋት።

አክስቴ "ጸበል ነው የሚያድናት" አለች። አባዬ "ሐኪም ቤት ትሂድ" አለ። "ሐኪሞቹማ ሁለቴ አይተዋት የለም?" ስትለው "እንግዲያስ ቀድሞ በመጣው መኪና ትሂድ" አለ። ጠዋት በቃሬዛ ተሸክመው አስፋልት ዳር አወጡኝ። ወደ ጸበሉ የሚሄደው መኪና በአንደኛው አቅጣጫ፣ ወደ አሰላ የሚሄደው በሌላው ይመጣል። ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። የጸበሉ መኪና ቀረ፤ መንገዱ በጭቃ ተቆርጦ ኖሯል። እኔ ላስቲክ ለብሼ ተኝቼ የአባዬን ጥርስ ሲንቀጫቀጭ እሰማለሁ። በብርድ ይሁን በፍርሃት አላውቅም።

ቀድሞ የደረሰው የአሰላው ሚኒባስ ነበር። አክስቴ "እንግዲህ መርፌ ተወግታ ከሰዓት እንመለሳለን፤ ጸበሉ ለነገ ይሁን" አለች። ነገ የሚባል ቀን እንደሌለኝ ማን ያውቃል?

አሰላ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አስተኙኝ። ነርሷ የግፊት መለኪያውን ክንዴ ላይ አስራ ነፋች። ፈታችው። ደግማ አስራ ነፋች። "አይሰማኝም" ብላ ሌላ ነርስ ጠራች። እኔ ሁሉንም እሰማለሁ፤ ምላሴ ግን አይታዘዘኝም። በሚቀጥለው አልጋ ልጇን የምታስታምም አንዲት የአርሲ እናት መጥታ ግንባሬን ዳሰሰችና "ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ" አለችኝ። እግዜር ይማርሽ ማለቷ ነው። ቀና ብዬ ሳያት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነው። የማታውቀኝን ሰው እንዲህ ካስለቀስኩ አለቀልኝ ማለት ነው አልኩ። እንደዚያ ያለ ፍርሃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

አንድ ወጣት ዶክተር መጣ። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። አባዬ ታይፎይድ ተብዬ እንደታከምኩ፣ ጨጓራም እንደተባልኩ ነገረው። ዶክተሩ ግሉኮስ እንዲሰቀልልኝ አዘዘና ወደ ሌላው በሽተኛ ዞረ። ነርሷ ደም ሥር ልትፈልግ እጄን ገልብጣ ስትዘረጋው ግን ዓይኑ መዳፌ ላይ አረፈ። ተመለሰ። መዳፌን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረ። የመዳፌ መስመሮች በቀለም የተሰመሩ ይመስል ጠቁረዋል። የታችኛውን ከንፈሬን ገልብጦ ድዴን አየ።

"ይሄ ጥቁረት ስትወለድም ነበረባት?"

"ኧረ የዘንድሮ ነው!" አለች አክስቴ።

ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። "እህቴ፣ ጨው ያምርሻል እንዴ?"

አባዬ ቆሟል፤ ነርሶቹም የሰው አስታማሚዎችም ቆመዋል። ባለችኝ አቅም ራሴን ነቀነቅሁ፤ አያምረኝም። በዚያ ሁሉ ጭንቅ ውስጥ፣ ሞት ከራስጌዬ ቆሞ፣ እኔ የምፈራው የበሬ ጨው መላሴን ሰው እንዳይሰማ ነው!

አክስቴ ግን አልቻለችም።

"ውሸቷን ነው ዶክተር! እስቲ ምከርልኝ ልጄ! ሰው እያፈርኩ ነው የምነግርህ፤ የበሬ ጨው ነው የምትልሰው! ከጉራቹ ጋር እየተጋፋች! ቆልፌባት ነው እንጂ አሞሌውን ጨርሳው ነበር!"

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አባዬ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ሰዉ እስኪስቅ ጠበቅሁ። ዶክተሩ ግን "ሲስተር!" ብሎ ጮኸ። "ጨው ያለበትን ግሉኮስ! በሁለቱም እጇ፣ ቶሎ!" የመርፌ ስም ጠርቶ አንዱን አስታማሚ ፋርማሲ አስሮጠ። ነርሶቹ ከበቡኝ።

አክስቴ ደንግጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ምን አልኩ? ምን አጠፋሁ?"

"ምንም አላጠፉም እናቴ። እግዜር ነው ያናገረዎት።"

ደሜ ተቀድቶ አዲስ አበባ ተላከ። ዶክተሩ ግን ውጤቱን አልጠበቀም። "ውጤት ስንጠብቅ ልጅቷን እናጣታለን" ብሎ ሕክምናውን እዚያው ጀመረልኝ። በዚያው ቀን ወደ ማታ እጄ ሞቀ። ያን የሙቀት ስሜት እስክሞት አልረሳውም፤ ከጣቶቼ ጫፍ ጀምሮ ሰው ሆኜ የተመለስኩ መሰለኝ።

በኋላ ሲያስረዳን፣ ከኩላሊት በላይ እንደ ቆብ የተደፋች ትንሽ ዕጢ አለች አለ። የእኔዋ ሥራዋን አቁማለች። ሰውነት ጨዉን የሚይዘው፣ ግፊቱም የሚቆመው በእሷ ነው። ሲጎድላት ቆዳ ይጠቁራል፣ ጨው ጨው ያሰኛል። የአዲሰን በሽታ ይባላል። ብዙ ሰው ላይ ስለማይገኝ ሐኪምም ቶሎ አይጠረጥረውም፤ ከታወቀ ግን በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን ይኖሩበታል። "አንድ ቀን ዘግይታችሁ ብትመጡ ኖሮ..." ብሎ ጀመረና አክስቴን አይቶ ተወው።

እሷ ግን ገብቷታል። "ታዲያ ጨው እየቆለፍኩ ስገድላት ነበራ!"

"አላወቁም እናቴ። አሁን ግን ጨው እንዳይከለክሏት። ኪኒኑንም አንድ ቀን እንዳታቋርጥ።"

ውጤቱም ከአዲስ አበባ መጣ፤ እሱ እንዳለው ሆነ።

ደህና ነኝ፤ ተመስገን። ጸበሌንም እጠጣለሁ፣ ኪኒኔንም እውጣለሁ። ፍርሃቱ ግን አለቀቀኝም። ኪኒኑ ከፋርማሲ የጠፋ ቀን እንቅልፍ አይወስደኝም። ትኩሳት ነካ ካደረገኝ፣ ሐኪም እንዳዘዘኝ መጠኑን ጨምሬ ወስጄም ልቤ አይረጋም። ልጄ ከሜዳ ተጫውታ ጠቁራ ስትገባ አፏን አስከፍቼ ድዷን አያለሁ። "እማዬ፣ ደግሞ ጀመረሽ!" ትለኛለች። ትበለኝ። መንገዱ በጭቃ ባይቆረጥ፣ የአክስቴም ሆድ ምሥጢር የሚቋጥር ቢሆን ኖሮ ልጄም አትወለድም ነበር።

ከሆስፒታል ወጥተን ቤት የገባን ዕለት አክስቴ ነጠላዋን እንኳ አላወለቀችም። ቀጥታ ወደ ሳጥኑ ሄዳ ከፈተችው። አሞሌውን አውጥታ ወደ በረት መለሰች፤ የቤቱን ጨው ደግሞ አምጥታ አልጋዬ ራስጌ አኖረችው። ከዚያ እሳት አያያዘች። ለአባዬ አንድ ድስት ጣደች፤ ከጎኑ ለእኔ ሌላ ድስት ጣደች። እስካገባ ድረስም በየቀኑ ሁለት ድስት ጣደች።