አባቴ ወደ ግድቡ ሲያልፍ

አሶሳ የሰው ሁሉ መተላለፊያ ናት። እንግዳው ከአውሮፕላን ይወርዳል፣ ባንዲራ ያለበት ኮፍያ ያጠልቃል፣ ግድቡን ሊያይ ወደ ጉባ ይነጉዳል። ከተማችንን ዞር ብሎ የሚያያት ጠፋ እያልኩ ስናደድ፣ የገዛ አባቴ ከጡረተኛ ጓደኞቹ ጋር ግድብ ጎብኚ ሆኖ ከች አለ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ቤቴ እንደገባ ሻንጣውን እንኳ ሳያስቀምጥ፣ «ዕቃሽን አሰናጂ፤ ከጉባ ስመለስ ይዤሽ እሄዳለሁ። እዚህ በረሃ ማን አለሽና ነው?» አለኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው በረሃ ማለቱ አሳቀኝ። እኔ እዚሁ እያስተማርኩ ልኖር ቆርጫለሁ። ከእሱ ጋር መከራከር ስለማልችልበት ግን ማንጎ ላጥኩለት።

ዝናቡ ሲያባራ ጎረቤቴ መጣች። ገበያ ላይ ባሚያና በርበሬ የምትሸጥ የበርታ ሴት ናት። እግሩ የታሰረ ዶሮ ታቅፋለች። አባቴ ልትሸጥልን መስሎት «ስንት ነው?» ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን በሳቅ ፈረሰች።

«አባት፣ እንኳን መጣህ። ዶሮ አንተ እረድ። እኛ ካረድን አትበላም። ድስት አዲስ ነው፤ የእኛ ሥጋ አልገባበትም።»

በእኛ ሰፈር እስላሙ ጎረቤት ክርስቲያን እንግዳ ሲጋብዝ ቢላዋውን ለእንግዳው ይተዋል። አባቴ ይህን አያውቅም ነበር። ጆሮው ቀላ፤ ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ በስመ አብ ብሎ አረደ። ወጡ ሲደርስ እሷ ከዶሮው አልቀመሰችም። የራሷን የማሽላ ገንፎ ከቤቷ አምጥታ አጠገባችን ቁጭ ብላ በላች፤ አባቴንም «ብላ እንጂ!» እያለች ተቆጣችው። እንዲያ የወደድኳት ቀን የለም።

ከጉባ ሲመለሱ ጓደኞቹ ስለ ግድቡ ወሬ አያልቅባቸውም። አባቴ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ወደ ጎን ሳበኝ።

«ያቺ ሴት፣ ብትታመሚ ትመጣለች?»

«ሳልታመምም አትቀርም።»

«ዕቃሽን ተይው በቃ። እዚህ ሰው አለሽ» አለኝ።

ደስ ብሎኝ አገላብጬ ሳምኩት። «እኔስ?» አላለኝም። ሻንጣውን አንስቶ ገባ፤ አገሩ ሲደርስ በር የሚከፍትለት ሰው እንደሌለ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።